የዲጂታል ኢኮኖሚ በአምራች ዘርፍ ፈጠራ ላይ ያለው ተጽእኖ፡- ከመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ አንጻር

የዲጂታል ኢኮኖሚ ለአምራች ዘርፍ ስለሚኖረው ጠቀሜታ በሚቀርቡ ሰነዶች ላይ በአብዛኛው ጎልተው የሚጠቀሱት ሮቦቶች፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና እርስ በርስ የሚገናኙ ማሽኖች ናቸው፡፡ ኢትዮጵያ በገነባቻቸው ኢንዱስትሪ ፓርኮች ውስጥ ግን ጉዳዩ የሚታየው በሌላ መልክ ነው፡፡ በፓርኮቹ የሚከናወነው ሥራ በአመዛኙ በሰው እጅና በስፌት መኪና የሚሠራ ሲሆን፣ ዲጂታል ቴክኖሎጂ የሚገባው በትዕዛዝ፣ በንድፍ፣ በጥራት ቁጥጥር፣ በጉምሩክና በክፍያ በኩል ነው፡፡ የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሁኔታ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ስለሚያሳይ ለጉዳዩ ጥሩ ማሳያ ነው፡፡ አንደኛው የመረጃ መረብ የውጭ ትዕዛዝን ወደ አንድ ከተማ ሲያመጣ ፈጠራንም አብሮ የሚያመጣው መቼ እንደሆነ ሲሆን፣ ሁለተኛው መረቡ ሲቋረጥ ምን እንደሚከተል ነው፡፡

የጽንሰ ሐሳቡ ምንነት

ዲጂታል ኢኮኖሚ ሲባል ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት መኖር ብቻ ማለት አይደለም፡፡ ምርትና አገልግሎት የሚታዘዝበት፣ የሚነደፍበት፣ የሚመረትበት፣ የሚጓጓዝበትና የሚከፈልበት መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ ተመዝግቦ ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው ያለ ወረቀት የሚተላለፍበት የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ ነው፡፡

ፈጠራን በሚመለከት አገሮች ለስታቲስቲክስ ሥራቸው በስፋት የሚጠቀሙበት ማጣቀሻ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የሚያሳትመው የኦስሎ ማኑዋል ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የማኑዋሉ ሦስተኛ እትም ፈጠራን በምርት፣ በአመራረት ሂደት፣ በግብይትና በአደረጃጀት ከፍሎ ያየው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አራተኛው እትም አራቱን ወደ ሁለት ዝቅ አድርጎ የምርት ፈጠራና የአሠራር ፈጠራ ብሎ ሰይሟቸዋል፡፡ ይህ ልዩነት ለመንግሥት ሠራተኛው ጠቃሚ ነው፡፡ በመሥሪያ ቤቶች ሪፖርት ላይ ፈጠራ ሲባል በኤግዚቢሽን የሚቀርብ አዲስ መሣሪያ ብቻ ሆኖ የሚታይበት አጋጣሚ ብዙ ነው፡፡ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ግን አንድን የስፌት ሥራ በ90 ሰከንድ ፋንታ በ60 ሰከንድ እንዲጠናቀቅ የሚያደርግ የአሠራር ለውጥ ከማንኛውም የኤግዚቢሽን ዕቃ የማይተናነስ ፈጠራ ነው፡፡

ፓርኩና የአሠራር ሥርዓቱ

የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ በተገኙበት የተመረቀ ሲሆን፣ በዚያው ሰሞን የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ተመርቋል፡፡ የመቐለው ፓርክ ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት ኢንዱስትሪ ታስቦ የተገነባ ነው፡፡ ለመጀመሪያው ምዕራፍ ግንባታ 100 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ እንደወጣና 15 የማምረቻ ሼዶች እንደተገነቡ በወቅቱ ተገልጿል፡፡

ፓርኮቹ የተቋቋሙበት አዋጅ ቁጥር 886/2007 ዋና ሐሳብ ባለሀብቱ መሬት፣ መብራት፣ ውኃ፣ ሼድና የመንግሥት አገልግሎት በአንድ ቦታ እንዲያገኝ ማድረግ ነበር፡፡ ለውጭ ባለሀብቶች ማራኪ የሆኑት ርካሽ የሰው ኃይልና የኤሌክትሪክ ዋጋ፣ እንዲሁም አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች በአጎዋ አማካይነት የሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ነበሩ፡፡ የመረጃ መረብ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ከመሠረተ ልማት እንደ አንዱ ከመብራትና ከውኃ ጎን ተጠቀሰ እንጂ ራሱን የቻለ የማምረቻ ግብዓት ተደርጎ አልታየም፡፡ አንድ ትዕዛዝ የሚያልፍበትን መንገድ ለተከታተለ ሰው ይህ አመለካከት ጎደሎ መሆኑ ግልጽ ነው፡፡

በኢትዮጵያ ፓርኮች ውስጥ በስፋት የተለመደው የአልባሳት ሥራ ጨርቁን ከደንበኛው ተቀብሎ ቆርጦ፣ ሰፍቶና አጠናቆ ማስረከብ ነው፡፡ ገዢው ድርጅት በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ፣ አስተባባሪው ቢሮ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእስያ ይገኛል፡፡ ልብሱ የሚነደፈው በዚያ ነው፡፡ ንድፉ፣ የእያንዳንዱ ቁራጭ መጠን፣ የክሩ ዓይነት፣ የስፌቱ ጥልፍ በአንድ ኢንች ስንት እንደሚሆን፣ የአዝራሩና የመለያ ጽሑፉ ቦታ ሁሉ በአንድ የቴክኒክ ሰነድ ውስጥ ተካትቶ በኢንተርኔት ይላካል፡፡ የልብሱ ቅርጽ ፓተርን የሚመጣው በፋይል መልክ ነው፡፡ በፋብሪካው የሚገኘው ባለሙያ ፋይሉን እንደ ገርበር ወይም ሌክትራ ባሉ ሶፍትዌሮች ከፍቶ ቁራጮቹን በጨርቁ ላይ በኮምፒዩተር ይደለድላል፡፡ በሙያው ማርከር የሚባለው ይህ ድልድል ታትሞ በተነባበረው ጨርቅ ላይ ይነጠፍና ቆረጣው ይካሄዳል፡፡ ከዚያ በኋላ ያለው የስፌት፣ የጥራት ቁጥጥር፣ የመተኮስና የማሸግ ሥራ ነው፡፡

ቀደም ባለው ዘመን ናሙና ተሰፍቶ በአውሮፕላን እየተላከ፣ እርማት እየተደረገበትና እየተመለሰ ሳምንታት የሚፈጀው ሥራ ዛሬ በአመዛኙ በሦስት አቅጣጫ በሚታይ የኮምፒዩተር ምስል ሊከናወን ይችላል፡፡ ይህም ከአዲስ አበባ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ለምትርቀውና የባቡር መስመሯ ላልተጠናቀቀው መቐለ ትልቅ ጠቀሜታ ያለው ነው፡፡ ርቀቱ ኮንቴይነሩን እንጂ ንድፉን አያዘገየውም፡፡

ይሁን እንጂ ይኸው ቴክኖሎጂ የተገላቢጦሽ ውጤትም አለው፡፡ ፋይሉ በቀላሉ የሚላክ በመሆኑ ነዳፊው ወደ ፋብሪካው መምጣት ወይም በፋብሪካው አካባቢ ነዳፊ ማሠልጠን አላስፈለገውም፡፡ ፋብሪካው የሚቀበለው ያለቀለት መመሪያ ነው፡፡ በጨርቃ ጨርቅ ታሪክ ውስጥ ነገሩ አዲስ አይደለም፡፡ ፈረንሳዊው ጆሴፍ ማሪ ዣካር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በተበሱ ካርዶች የሚመራ የሽመና መሣሪያ ሲሠራ የጨርቁን ንድፍ ከሸማኔው እጅ አውጥቶ በካርዱ ላይ አስቀምጦታል፤ ኮምፒዩተርም የካርዱን ሐሳብ የወሰደው ከዚያ ነው፡፡ የመረጃ መረብ ያደረገው ካርዱን የሚበሳውን ሰው በሌላ አህጉር እንዲቀመጥ ማስቻል ነው፡፡

ቁጠባው የማን ነው

በስፌት ፋብሪካ ውስጥ ዲጂታል ቴክኖሎጂ ሊያስገኝ የሚችለው የአሠራር ፈጠራ በዋናነት በሁለት ቦታ ይገለጻል፡፡ እነሱም የቆረጣ ክፍሉና የስፌት መስመሩ ናቸው፡፡

ጨርቅ ከአንድ ልብስ የማምረቻ ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ድርሻ እንደሚይዝ በዘርፉ የታወቀ ነው፡፡ ስለሆነም በማርከር ድልድል የሚገኝ ጥቂት ቁጠባ ከፍተኛ ገንዘብ ያድናል፡፡ ለአብነት አንድ ሸሚዝ 1.5 ሜትር ጨርቅ ይወስዳል ቢባል፣ ለ100 ሺህ ሸሚዝ 150 ሺህ ሜትር ያስፈልጋል፡፡ የሶፍትዌር ባለሙያው ድልድሉን በማሻሻል 2 በመቶ ቢቆጥብ 3 ሺህ ሜትር ጨርቅ ይተርፋል፡፡ ይህም ተጨማሪ 2 ሺህ ሸሚዝ የሚወጣው ነው፡፡

ጥያቄው የተረፈው ጨርቅ ለማን ነው የሚለው ነው፡፡ ጨርቁ የገዢው ከሆነና ፋብሪካው የሚከፈለው በሰፋው ልብስ ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ ቁጠባው ለገዢው ይሄዳል፡፡ ገዢው የጨርቁን መጠን አስቀድሞ ወስኖ በሚልክበት ጊዜ ደግሞ የፋብሪካው ባለሙያ ድልድሉን እንዲያሻሽል የሚገፋፋው ምንም ምክንያት አይኖርም፡፡ በሌላ በኩል ፋብሪካው ጨርቁን ራሱ ገዝቶ የተጠናቀቀውን ልብስ በሙሉ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ሜትር የራሱ ትርፍ ነው፡፡ በዚህ ጊዜ ያው ሶፍትዌር፣ ያው ኮምፒዩተርና ያው ባለሙያ የተለየ ሥራ ይሠራሉ፡፡ በመሆኑም ዲጂታል ቴክኖሎጂ ፈጠራን ማስከተሉን የሚወስነው ከመሣሪያው ይልቅ የውሉ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፡፡ በሥልጠናና በመሣሪያ ድጋፍ ላይ ያተኮሩ ፕሮጀክቶች ይህን ነጥብ በበቂ ሁኔታ ሲመለከቱት አይታይም፡፡

የስፌት መስመሩ ሁኔታ ከዚህ ይለያል፡፡ በመስመሩ ላይ የሚቆጠበው ጊዜ የፋብሪካው የራሱ ነውና፡፡ በአንድ መስመር ላይ የተሰለፉ ሠራተኞች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ሥራ ይሠራሉ፤ አንዷ ኮሌታ ታያይዛለች፣ ሌላዋ እጅጌ ትገጥማለች፡፡ የሌሎቹ ሥራ 60 ሰከንድ የሚወስድ ሆኖ የአንዱ ሥራ 90 ሰከንድ ቢወስድ መስመሩ በሰዓት 60 ልብስ ሳይሆን 40 ልብስ ብቻ ያወጣል፡፡ አንድ ሦስተኛው ምርት የሚጠፋው በአንድ ወንበር ላይ ነው ማለት ነው፡፡ በየሰዓቱ በወረቀት ወይም በሰሌዳ በሚሞላ መዝገብ የሚታየው የመስመሩ ጠቅላላ ውጤት እንጂ መዘግየቱ የቱ ጋ እንደሆነ አይደለም፡፡ እያንዳንዱ የተቆረጠ ጥቅል ባርኮድ ወይም በሬዲዮ ሞገድ የሚነበብ መለያ ኖሮት በየወንበሩ ሲያልፍ ቢመዘገብ ግን መዘግየቱ በዚያው ሰዓት ይታያል፡፡

ፈጠራው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፡፡ መዘግየቱን ያየ ሱፐርቫይዘር ሥራውን ለሁለት ሊከፍለው ይችላል፡፡ መካኒኩ ጨርቁን ራሱ አጥፎ ወደ መርፌው የሚያደርስ ትንሽ የብረት ማጠፊያ ሠርቶ በመኪናው ላይ ሊገጥም ይችላል፡፡ እንዲህ ያለው ማጠፊያ ከውጭ የሚገዛ ቢሆንም በአገር ውስጥ የብረታ ብረት ወርክሾፕም ሊሠራ የሚችል ነው፡፡ መቐለ በዚህ ረገድ ባዶ ከተማ አይደለችም፡፡ የተሽከርካሪ ተሳቢዎችንና ልዩ ልዩ የብረታ ብረት ውጤቶችን ሲያመርት የቆየው መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ፣ የመሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካና ማአ ጋርመንት ፓርኩ ከመገንባቱ አስቀድሞ በከተማዋ የነበሩ ናቸው፡፡ በሺህ የሚቆጠሩ መካኒኮችና ቴክኒሺያኖች ሙያቸውን ያዳበሩት በእነዚህና በመሰል ድርጅቶች ነው፡፡ በፓርኩ ሼዶች ውስጥ የሚታየው ችግርና በከተማው ወርክሾፖች ያለው ሙያ እንዲገናኙ የሚያደርግ አሠራር ግን አልተዘረጋም ነበር፡፡ ፓርኩ በአጥር የተከለለ የጉምሩክ ክልል በመሆኑ አንድ የተበላሸ ዕቃ ለጥገና ሲወጣና ሲገባ የሚጠይቀው ሰነድ ራሱ ግንኙነቱን ከሚያከብዱት ጉዳዮች አንዱ ነው፡፡

መረቡ በተቋረጠበት ወቅት

በጥቅምት 2013 ዓ.ም በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ጦርነት ሲቀሰቀስ በትግራይ ክልል የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጧል፡፡ የስልክ አገልግሎት በመቐለና በአንዳንድ ከተሞች በከፊል ተመልሶ የነበረ ቢሆንም፣ ከሰኔ 2013 ዓ.ም መጨረሻ በኋላ የባንክ፣ የኤሌክትሪክና የቴሌኮም አገልግሎት እንደገና ቆሟል፡፡ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ መቐለ በኅዳር 2015 ዓ.ም ከብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኃይል መረብ ጋር ዳግም የተገናኘች ሲሆን፣ የቴሌኮም አገልግሎት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም ተመልሷል፡፡ ኢንተርኔት ለሁለት ዓመት ያህል አልነበረም፡፡

ጦርነቱ ያስከተለው ሰብአዊ ጉዳት ከማንኛውም የኢኮኖሚ ሒሳብ በላይ ነው፡፡ ከዚህ ጽሑፍ ርዕስ ጋር የሚያያዘው ክፍሉ ብቻ ሲታይ የሚከተለው ይገኛል፡፡ የፓርኩ ምርት ቆሟል፡፡ በከተማዋ የራሱን ፋብሪካ ገንብቶ ለስዊድኑ ኤች ኤንድ ኤም ጭምር ያመርት የነበረው የባንግላዴሹ ዲቢኤል ግሩፕ በኅዳር 2013 ዓ.ም የውጭ አገር ሠራተኞቹን አስወጥቷል፡፡ መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግና በአድዋ የሚገኘው አልሜዳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከፍተኛ ውድመት ከደረሰባቸው መካከል ናቸው፡፡ ተጽእኖው በትግራይ ብቻ አልተወሰነም፡፡ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ግንባር ቀደም የነበረው የአሜሪካው ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም በዚያ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታውቋል፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ተጠቃሚነት አስወጥታለች፡፡

ከዚህ ሁሉ ውስጥ በሕንፃና በማሽን ላይ የደረሰው ጉዳት በዓይን የሚታይ በመሆኑ ለመመዝገብ አያስቸግርም፡፡ በመረብ መቋረጥ የጠፋው ግን በጉዳት ዝርዝር ውስጥ በቀላሉ አይገባም፡፡ የአልባሳት ገዢ ለወቅቱ የሚያስፈልገውን ልብስ የሚያዘው ከወራት በፊት ነው፡፡ ፋይል መላክ ካልቻለ፣ የናሙና እርማት ካልደረሰው፣ ምርቱ የት እንደደረሰ ካላየና በባንክ በኩል ሰነድ መለዋወጥ ካልቻለ ትዕዛዙን በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ አገር ያዛውራል፡፡ ማሽኑ ሳይነካ ቢቆይ እንኳ የሚሰፋው ነገር አይኖረውም፡፡ በርካታ የንድፍና የምርት ቁጥጥር ሶፍትዌሮች የአገልግሎት ፈቃዳቸውን በየጊዜው በኢንተርኔት የሚያረጋግጡ በመሆናቸው፣ መረብ በሌለበት ኮምፒዩተሩ ራሱ ከአገልግሎት ውጪ የሚሆንበት ሁኔታም አለ፡፡

ሌላም ብዙም የማይነሳ ኪሳራ አለ፡፡ አንድ ፋብሪካ በሥራ ላይ በቆየባቸው ዓመታት እያንዳንዱ የስፌት ሥራ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ፣ የትኛው ጨርቅ በየትኛው መርፌ እንደሚበላሽ፣ አዲስ ሠራተኛ ሙሉ ብቃት ላይ ለመድረስ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅባት የሚያሳይ መረጃ ያከማቻል፡፡ ይህ መረጃ የተቀመጠው በውጭ አገር በሚገኝ የእናት ኩባንያ ሰርቨር ላይ ብቻ ከሆነ፣ ኩባንያው ሲወጣ መረጃውም አብሮ ይወጣል፡፡ ቀጥሎ የሚመጣው ባለሀብት ያንኑ ሼድ ተከራይቶ፣ ያንኑ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ትምህርቱን ከዜሮ ይጀምራል፡፡ መንግሥት የሼዱን ግድግዳ በንብረት መዝገብ ይይዘዋል፤ በሼዱ ውስጥ የተገኘው ዕውቀት ግን የማንም መዝገብ ላይ የለም፡፡

ሮቦት ሥራውን ይወስደዋልን

ከዲጂታል ኢኮኖሚ ጋር ተያይዞ ከሚነሱ ስጋቶች አንዱ አውቶማቲክ ማሽኖች የልብስና የጫማ ሥራን ወደ ሀብታም አገሮች ይመልሱታል የሚለው ነው፡፡ የጀርመኑ አዲዳስ በአንስባክ ከተማና በአሜሪካዋ አትላንታ አቅራቢያ ስፒድፋክቶሪ የተባሉ በሮቦት የሚታገዙ የጫማ ፋብሪካዎችን ከፍቶ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ሁለቱንም እንደሚዘጋና ቴክኖሎጂውን በእስያ በሚገኙ አቅራቢዎቹ ዘንድ እንደሚጠቀምበት አስታውቋል፡፡ አዲሱ ቴክኖሎጂ የሄደው ርካሽ ጉልበት ስላለ ብቻ ወደ ማንኛውም አገር አይደለም፤ የተሄደው ጥሬ ዕቃው፣ አቅራቢው፣ መሐንዲሱና ልምዱ ወደተከማቸበት ነው፡፡ ለስላሳ ጨርቅን ይዞ መስፋት ለሮቦት እስከ ዛሬ አስቸጋሪ ሥራ ሆኖ በመቆየቱ ከዚህ አቅጣጫ ያለው ስጋት ለጊዜው ያን ያህል የቀረበ አይመስልም፡፡

ይበልጥ የቀረበው ጉዳይ ሌላ ነው፡፡ የአውሮፓ ኅብረት ለዘላቂ ምርቶች ያወጣው የኢኮዲዛይን ደንብ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ በየምርት ዓይነቱ ዝርዝር መመሪያ ሲወጣለት ዲጂታል የምርት ፓስፖርት እንዲኖር ያስገድዳል፡፡ ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው የመጀመሪያ የሥራ ዕቅድ አልባሳት ቅድሚያ ከተሰጣቸው ምርቶች መካከል ተካተዋል፡፡ ፓስፖርቱ ስለ ምርቱ ይዘት፣ አመጣጥና የአካባቢ ተጽእኖ የሚገልጽ፣ በልብሱ ላይ በሚገኝ ኮድ የሚነበብ መረጃ ነው፡፡ ኢትዮጵያ ባላደጉ አገሮች ተርታ በመሆኗ ምርቷን ወደ ኅብረቱ ገበያ ያለ ቀረጥ የማስገባት ዕድል ያላት ሲሆን፣ አጎዋ ከቀረ በኋላ ይህ ገበያ የነበረው ክብደት ጨምሯል፡፡ ቀረጥ ባይኖርም መረጃ የሌለው ልብስ ግን መግባት የሚቸገርበት ጊዜ እየቀረበ ነው፡፡ በአዋሽ ሸለቆ የተመረተ ጥጥ በየትኛው መዳመጫ አልፎ፣ በየትኛው ፋብሪካ ተፈትሎና ቀለም ተነክሮ መቐለ እንደደረሰ የሚያሳይ ተያያዥ መዝገብ ማቅረብ የሚችል አምራች ከተራ ሰፊነት አልፎ ስለ ምርቱ የሚጠየቅና የሚደራደር ይሆናል፡፡

ሕጎቹና የፋብሪካው ወለል

በሕግ ማዕቀፍ በኩል ከ2011 ዓ.ም ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፡፡ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የቴሌኮም ገበያውን ለውድድር ክፍት አድርጓል፡፡ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድና ውል ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፡፡ ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም ጸድቋል፡፡ በ2012 ዓ.ም አጋማሽ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ለወጪና ገቢ ንግድ ፈቃድ የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ሥርዓት አገናኝቷል፡፡ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ና የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322/2016ም ተከትለዋል፡፡

እነዚህ ሕጎች በአመዛኙ የሚመለከቱት ፋብሪካው ከመንግሥት፣ ከባንክና ከደንበኛ ጋር የሚያደርገውን ግንኙነት ነው፡፡ ይህም የራሱ ጥቅም አለው፤ ለአልባሳት አምራች በጉምሩክ የሚባክን ሳምንት የአንድ ወቅት ገበያ ሊያሳጣው ይችላል፡፡ በፋብሪካው ወለል ላይ የሚፈጠረው መረጃ የማን እንደሆነና የት እንደሚቀመጥ ግን በአብዛኛው ለተከራዩና ለእናት ኩባንያው የተተወ ነው፡፡ ከዚህ ውስጥ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ በቀጥታ የሚነካው የሠራተኞችን መረጃ ነው፡፡ የእያንዳንዷን ሠራተኛ ፍጥነት በየደቂቃው የሚመዘግብ ሥርዓት የምርት ማነቆን ያሳያል፤ በተመሳሳይ ሁኔታ ሠራተኛዋን ለመቅጣትም ሊውል ይችላል፡፡ መዝገቡ ለቅጣት የሚውል ከሆነ ሠራተኞች ፍጥነታቸውን መደበቅ ይጀምራሉ፣ መረጃውም እውነትነቱን ያጣል፡፡ ከተበላሸ መረጃ የሚገኝ የአሠራር ፈጠራ ደግሞ የለም፡፡ የአዋጁ ተቆጣጣሪ የሆነው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና የሠራተኛ ማኅበራት በአንድነት ሊያዩት የሚገባ ጉዳይ ነው፡፡

ከቀድሞ ልምድም የሚወሰድ አለ፡፡ በ1990ዎቹ ዓ.ም ሁለተኛ አጋማሽ የተዘረጋው ወረዳኔት ወረዳዎችን በመረጃ መረብ ያገናኘ ትልቅ ኢንቨስትመንት ሲሆን፣ በርካታ የመንግሥት ሠራተኞች የሚያስታውሱት በቪዲዮ ስብሰባ ማካሄጃነቱ ነው፡፡ መስመሩ ተዘርግቶ በመስመሩ ላይ የሚጫነው የየዕለት ሥራ ሳይዘጋጅ ከቀረ መረቡ ጥቅም ላይ የሚውለው ለስብሰባ ይሆናል፡፡

በመቐለ ሁኔታ መረጃውን ማንበብና መተርጎም የሚችል የሰው ኃይል ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፡፡ በ1992 ዓ.ም በዩኒቨርሲቲነት የተደራጀው መቐለ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስናና የኮምፒዩተር ትምህርት በሚሰጥበት የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መቐለ በኩል ለዚህ ብቁ ባለሙያዎችን ሲያፈራ ቆይቷል፡፡ በጨርቃ ጨርቅ በኩል ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የረጅም ጊዜ ልምድ አለው፡፡ ለአንድ የኢንዱስትሪ ምሕንድስና ተማሪ የሦስት ወር የመስመር መረጃ፣ የግለሰቦች ስም የወጣለት፣ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ የበለጠ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ነው፡፡ ተማሪው መረጃውን የሚያገኘው ግን ፋብሪካው ፈቃደኛ ሲሆን ነው፡፡ በሼድ ኪራይ ውል ላይ እንዲህ ያለ ትብብር የሚገባበት ቦታ አለ፡፡ ባለሀብቱ ለሚያገኘው የግብር እፎይታና የኪራይ ቅናሽ በምላሹ የምርት ሂደት መረጃን ቅጂ በአገር ውስጥ እንዲያስቀምጥና የደንበኛ ምስጢር ያልሆነውን ለተቋማት ጥናት እንዲያቀርብ ሊጠየቅ ይችላል፡፡ ይህን ለመጠየቅ አመቺው ጊዜ ባለሀብት ውል በሚፈርምበት ወይም በሚያድስበት ወቅት ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ሥራውን እንደገና ለሚያደራጅ ፓርክ ደግሞ ወቅቱ አሁን ነው፡፡

ከዚህ ጋር የቋንቋ ጉዳይም አብሮ ይነሳል፡፡ የቴክኒክ ሰነዱ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው፡፡ በመቐለ ፓርክ የስፌት መስመር ላይ የሚሠሩት ወጣቶች በአመዛኙ ትግርኛ ተናጋሪዎች ናቸው፡፡ መመሪያው ከሱፐርቫይዘሩ በቃል ተተርጉሞ ስለሚደርሳቸው፣ የስህተቱ አንድ ክፍል ከትርጉሙ የሚመነጭ መሆኑ አይቀርም፡፡ በየወንበሩ ወይም በየመስመሩ ራስ ላይ በሚቀመጥ ስክሪን መመሪያውን በትግርኛ ማሳየት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፡፡ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከተካተተ ወዲህ የየራሱን ፎንት ይጠይቅ የነበረው የፓወር ግዕዝ ዘመን ችግር ተቃልሏል፤ ፊደሉ ያለ ልዩ ሶፍትዌር በማንኛውም ስልክ ይነበባል፡፡ የቀረው የሙያ ቃላቱን ወጥ አድርጎ መሰየም ነው፡፡ በአሁኑ ወቅት ሠራተኞች ኦቨርሎክ፣ ኮላር፣ ባንድል እያሉ የሚጠቀሙባቸው ቃላት በፋብሪካው ወለል ላይ የለመዱ በመሆናቸው እንዳሉ መውሰድ ይቻላል፤ ስያሜ የሌላቸው የስፌት ጉድለቶቹ ናቸው፤ በመዝገብ ላይ በየዕለቱ መቆጠር ያለባቸውም እነሱ ናቸው፡፡